ከምሰሶው አጠገብ ያለችው ሴትዮ

የሰፈሩ ልጆች ሰውዬው ፖሊስ ይመስላቸው ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ «መርማሪ» የሚል ካርድ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚወጣና ስለሚገባ፣ ኳሳቸው ግቢው ውስጥ ከወደቀች ሳይጠይቁ ትተዋት ይሄዱ ነበር። እሱ ግን በዕድሜው አንድ ሌባ እንኳ መርምሮ አያውቅም። የሚመረምረው ድልድይ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በየወንዙ እየወረደ ስንጥቅ ሲፈልግ፣ ምሰሶ ሲያንኳኳ፣ ፎቶ ሲያነሳ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ባለድልድዩ ይሉታል።

የድልድይ ፎቶ የራሱ ደንብ አለው። ስንጥቁን ብቻ አንስቶ የሚመጣ መርማሪ ቢሮ ውስጥ መሳቂያ ነው፤ ስንጥቁ የጣት ያህል ይሁን የክንድ ያህል ማን ያውቅለታል? ስለዚህ ከሚነሳው ነገር አጠገብ ቁመቱ የታወቀ ነገር ይቆማል። መሥሪያ ቤቱ ለዚሁ ብሎ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ሰጥቶት ነበር። ዘንጉን ገና በተጋቡ በወራቸው ጎርፍ ወሰደበት። አዲሷ ሙሽራ አብራው ስለነበረች፣ «እስቲ እዚያ ምሰሶ ጋ ቁሚልኝ» አላት። ቆመችለት። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። ኋላ ሌላ ዘንግ ተሰጠው፤ ግን ዘንግ ጨዋታ አያውቅ፣ ዘንግ ስንቅ አይቋጥር፣ እሷን ማስቆም ለምዶ ቀረ።

ልማዱ ደግሞ ከሥራ ወደ ኑሮ ተዛመተ። በዓመት ፈቃዳቸው ተነስተው ሲጓዙም ያው ነው። ፏፏቴ ካገኘ ከሥሩ ያቆማታል፤ ያረጀ ግንብ ካገኘ ከማዕዘኑ ያስጠጋታል፤ ትልቅ ዛፍ ካየ «ግንዱን ደገፍ በይ» ይላታል። ራሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሁሉም ነገር ካልገባለት አይቆምም። ከግራጫው ድንጋይ ተለይታ እንድትታይ ብሎ አረንጓዴ ቀሚስ የመረጠላትም እሱ ነው። ሰው ለሚስቱ ቀሚስ ሲገዛ ያምርባት እንደሆነ ያያል፤ ይሄ ሰውዬ በሩቁ ትታይ እንደሆነ አየ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ይወዳት ነበር፤ አብራው ካልሄደች ጉዞ ጉዞ አይመስለውም ነበር። ግን አንድም ቀን ጠጋ ብሎ አላነሳትም።

ጡረታ ሲወጣ ፎቶዎቹን በካርቶን በካርቶን አድርጎ ቤት አመጣቸው፤ የመሥሪያ ቤቱንም የራሱንም፣ ተቀላቅለው። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ ካርቶን ይጎትትና ወለሉ ላይ ይዘረግፈዋል። ይሄ የትኛው ወንዝ ነው፣ ያን ቀን መኪናችን የት ነበር የተበላሸችው፣ ይሄ ድልድይ አሁን አለ ወይስ ፈርሷል እያለ ከራሱ ጋር ሲያወራ ምሳ ይደርሳል። ድሮ ሚስቱም አጠገቡ ቁጭ ብላ ታግዘው ነበር። «እዚህ ጋ እኮ እግሬን እሾህ ወግቶኝ ነበር፤ አንተ ግን ‹አትነቃነቂ› ነው ያልከኝ» ትለውና ይሳሳቃሉ።

አሁን አታግዘውም። ከታመመች ሁለት ክረምት አልፏል። በሽታው ሰውነቷን ሳይነካ ትዝታዋን አንድ በአንድ ነው የለቀመው። መጀመሪያ ምድጃውን ማጥፋት ረሳች፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ ቀጥሎ የገዛ ልጇን። ልጅቷ ሌላ ከተማ ነርስ ናት፤ ለፈቃድ መጥታ ደጅ ላይ ስታቅፋት እናት ዞር ብላ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ያለች ዕለት፣ ያቺ ምስኪን መታጠቢያ ቤት ገብታ እስክትታክት አለቀሰች። እሱን ግን አልረሳችም። ማታ ማታ በሩ ሲንኳኳ «ባሌ ነው» ትላለች፤ ገብቶ ሲያያት አገጯን ቀና አድርጋ «ቆየህሳ» ትለዋለች። ሐኪሙ ግን አስጠንቅቆታል። «የእርስዎም ተራ መምጣቱ አይቀርም፤ ይዘጋጁ» ብሎታል። ባለድልድዩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔን አትረሳም ይል ነበር በልቡ፤ ሌላው ሁሉ ይሂድ፣ ይህቺ ብቻ ትቅርልኝ።

ያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ካርቶኑን ዘርግፎ፣ ስሙ የጠፋበትን አንድ የድንጋይ ድልድይ መስኮቱ ጋ አስጠግቶ ሲያይ፣ ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ልውጣ?» አለችው።

«እሺ» አላት፤ ቀና አላለም።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ልትሞቅ መስሎት ነው። የድልድዩ ስም ትዝ ሲለው ደስ ብሎት ሊነግራት ወጣ። ግቢው ባዶ ነበር፤ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

በሰፈሩ መንገዶች ላይ እየተጣራ ሮጠ። ሽንት ቤት ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ፣ የጎረቤት ግቢዎች ሁሉ አየ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ብትኖር ትረዳው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እሱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሚስቱን አጥባ የምታለብሳት እሷ ናት። ነገር ግን ያን ቀን የሰፋችውን ልብስ ልታስረክብ ወደ ከተማ ዳር ወጥታለች፤ ማታ ነው የምትመለሰው። ብቻውን ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

ተረኛው ፖሊስ ጥሩ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠው፣ ውሃ አስመጣለት፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀው።

«ቁመታቸው ምን ያህል ይሆናል፣ ጋሼ?»

«አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት።»

ፖሊሱ ቀና ብሎ አየው። «ኧረ እንደዚህ የሚመልስ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም! ሰው ሁሉ ‹መካከለኛ› ነው የሚለን።»

ባለድልድዩ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ኮራ አለ። ኩራቱ ግን አልቆየለትም።

«የፊታቸው ቅርጽስ? ክብ ነው ወይስ ረዘም ያለ?»

«ፊቷ…» አለና ቆመ። «ደህና ፊት ነው።»

«ማርያም የሳመቻቸው ቦታ፣ ጠባሳ፣ ምናምን?»

«አለ። አገጯ ጋ ማርያም ስማታለች።»

«በቀኝ ነው በግራ?»

ያን ጥቁር ነጥብ ስንት ጊዜ እንዳየው እግዜር ይወቅለት፤ አሁን ግን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይመጣበታል። ፖሊሱ እንዳያሳፍረው ፈጠን ብሎ አለፈው።

«ምን ለብሰው ነበር ዛሬ?»

ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዳቦ በልታለች። ሻይዋ ሲደፋባት በፎጣ ጠርጎላታል። ፎጣው ትዝ ይለዋል፤ የጠረገው ጨርቅ ግን ምን ዓይነት እንደነበረ ጠፋበት።

«አረንጓዴ ቀሚስ» አለ። አንዴ ከአፉ ከወጣ በኋላ እውነት ሆነለት፤ ቀሚሱን ከነእጥፋቱ አየው፤ ለብሳው በበሩ ስትወጣ ሁሉ ታየው።

«ጥሩ። አሁን እንግዲህ ፊታቸው በደንብ የሚታይ ፎቶ ያምጡልን። አባዝተን ለየጣቢያውና ለአውቶቡስ ሹፌሮቹ እናድላለን። እንዲህ ያሉ እናቶች ስማቸውን ስለማይናገሩ ያለ ፎቶ ይቸግራል።»

ባለድልድዩ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ፎቶ? ፎቶ ማለትማ የእሱ ቤት ነው! ካርቶኖቹ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ደረጃ ሥር ተደርድረው የለም እንዴ? በየአንዳንዱ ውስጥ ደግሞ እሷ አለች።

ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ዘረገፋቸው። የመጀመሪያው ትልቁ የብረት ድልድይ ነው። ሚስቱ ከመጀመሪያው ምሰሶ አጠገብ ቆማለች፤ የምስር ፍሬ ታክላለች። ወረወረው። ፏፏቴው፦ ከጭጋጉ ሥር አረንጓዴ ነጥብ። ያን ቀን ልብሷ በስብሶ ሌሊቱን ሲያስላት እንዳደረ አስታወሰ፤ ፏፏቴው ስንት ሜትር እንደሆነ ግን አሁንም ሳያስበው አፉ ላይ መጣ። ግንቡ፦ ፊቷ ላይ የማዕዘኑ ጥላ ወድቋል። ዋሻው፦ ጀርባዋ። የወደብ ከተማው፦ ከመርከቡ መልሕቅ አጠገብ፣ ዓይኗን በእጇ ከልላ። የሠርጋቸው ዕለት እንኳ ካሜራው በእሱ እጅ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱን ከነጣሪያው፣ ከነባንዲራ ማውለብለቢያው አንስቶ ሙሽሪትን ደጃፉ ላይ አቁሟታል።

እየቆየ ሲሄድ ፍለጋው ፍለጋ መሆኑ ቀረና ሌላ ነገር መጣበት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ምን ታስብ ነበር፣ እዚያ ቆማ? ከእሱ እስከ እሷ ያለው ርቀት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ጮክ ካላሉ የማይደማመጡበት። ድካሟን ከዚያ ማየት አይችልም፣ ትሳቅ ታልቅስ አያውቅም። ሌላ ባል የሚስቱ ፊት ሲያረጅ ቀስ በቀስ ያያል፤ የእሱ ፎቶዎች ውስጥ ግን አታረጅም፤ ምክንያቱም ፊት የላትም።

አንዱ የባሕር ፎቶ እጁ ላይ ቀረ። ያን ቀን ሥራ አልነበረም፤ ለመዝናናት ነበር የሄዱት። «ዛሬ እንኳ ጠጋ ብለህ አንሳኝ» ብላው ነበር። «ከጠጋሁ ባሕሩ አይገባም» አላት። እሷ ግን ሊያነሳ ሲል እየሳቀች ወደ እሱ ሮጠች፤ ካሜራው ላይ ልትደርስ ስትል ጠቅ አለ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ፊቷ ወረቀቱን ሞልቶታል፤ ጥርሷ፣ ዓይኗ፣ የተበታተነ ፀጉሯ፣ ትንሽ ደብዘዝ ቢልም ሁሉም ነገር ነበረ። ባሕሩ ግን አይታይም። «አበላሸሽው» ብሎ ተቆጣትና ቀዶ ጣለው። እንዴት እንደቀደደው፣ ለሁለት ብቻ ሳይሆን ለአራት እንደቀደደው አሁን ትዝ አለውና ከአልጋው ላይ መነሳት አቃተው። ይህ ሁሉ የሆነው ስልክ ሁሉ ካሜራ ሳይሆን በፊት ነው፤ ፊልሙም አብሮ ስለተጣለ፣ የተቀደደ ፎቶ ከተቀደደ ተቀደደ ነው።

መታወቂያዋን አስታወሰ፤ እሱን ደግሞ ባለፈው ክረምት ራሷ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ምድጃ ውስጥ ከታዋለች። ልጁ ጋ ደወለ።

«አባዬ፣ እኔ ጋ ያለው የሠርጌ ብቻ ነው» አለች ልጅቷ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «እሱም ፊቷን በመሐረብ ሸፍና እያለቀሰች ነው። እንዴት አንድ ፎቶ ይጠፋል? ዕድሜ ልክህን ስታነሳት አልነበረም እንዴ?»

«አነሳት ነበር» አለ።

«ታዲያ የት አሉ?»

ልጅቷ በሚቀጥለው አውቶቡስ እመጣለሁ ብላ ዘጋች።

ከሁሉም የተሻለችውን መረጠ፤ በዚያች ፎቶ ላይ ሚስቱ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ ፊቷም ወደ ካሜራው ነው። በፖስታ ይዟት ወደ ፎቶ ቤት ገሰገሰ። መንገዱ ከገበያው ጥግ ይነሳና አውቶቡስ ማቆሚያውን አልፎ በትልቁ ጎዳና ይወርዳል። ዓይኑ ሥራ አልፈታም፤ ያገኛትን ሴት ሁሉ ያያል፣ አረንጓዴ ካልለበሰች ያልፋል። አንዲት ሴት አረንጓዴ ሻርፕ ጣል አድርጋ ስታልፍ ትከሻዋን ይዞ አዞራት፤ ወጣት ነበረች፣ ሰደበችው፤ ስድቡንም ከቁብ አልቆጠረውም።

ፎቶ አንሺው ፎቶውን በማጉያ መነጽር አየው። ወደ ጨለማው ክፍል ይዞት ገባና ከቆየ በኋላ እርጥብ ወረቀት በሁለት ጣቱ ይዞ ወጣ። ባለድልድዩ አጎነበሰ። ፊቷ ባለበት ቦታ ላይ የተበተነ አሸዋ ነው ያለው። ጥቁር ነጠብጣብ፣ ነጭ ነጠብጣብ። ዓይን የቱ ጋ ይጀምራል፣ አፍ የቱ ጋ ያበቃል፣ የሚታወቅ ነገር የለም።

«ትንሽ አሳንሰው» አለ ባለድልድዩ።

«ሳሳንሰው አይታይም፣ ጋሼ። ሳጎላው ይበተናል። ከሌለ ከየት አመጣዋለሁ?» አለ ፎቶ አንሺው። የሰውዬውን ፊት አይቶ አዘነለት መሰለኝ፣ ሊያጽናናው ብሎ ጨመረ፦ «ምሰሶው ግን በጣም ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ይዩት፣ ስንጥቁ ራሱ ይታያል።»

ባለድልድዩ እርጥቡን ወረቀትና ፖስታውን ይዞ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ሲሄድ የነበረችው ጥቂት ተስፋ ሲመለስ አልነበረችም፤ እንዲያም ሆኖ ሴቶቹን ማየቱን አልተወም። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ።

ቤት ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰፈርተኛው ነግሯታል፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ፖሊሶቹ ምን ለብሳለች ነው የሚሉት?»

«አረንጓዴ ቀሚስ።»

«ምን አረንጓዴ ቀሚስ?» ብላ ጮኸች። «አረንጓዴውን ቀሚስ እኮ አምና ቀድጄ የትራስ ልብስ ሰፋሁት! ራስዎ አይደሉ እንዴ በየማታው የሚተኙበት? ዛሬ ያለበስኳት ሰማያዊ ሹራብ ነው፤ ሰማያዊ! ብርድ ነው ብዬ ራሷንም በጥቁር ሻሽ አስሬያታለሁ። ቁርስ አብራችሁ አልበላችሁም?»

ባለድልድዩ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በመንገዱ ላይ ያገኙትን ሁሉ እየጠየቁ ወረዱ። ሰማያዊ ሹራብ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ሰማያዊ ሹራብ። ጫማ ጠጋኙ ያየ ይመስለዋል፤ ቲኬት ቆራጩ እርግጠኛ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለችው የኪዮስኳ ሴትዮ ገና ጠይቀዋት ሳይጨርሱ ከመስኮቷ አንገቷን አወጣች።

«እናትዬዋን ነው? እዚህ ናቸው እኮ! ከረፋድ ጀምሮ አግዳሚው ላይ ነበሩ። አሁን ሲበርዳቸው ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።»

ባለድልድዩ የኪዮስኩን ጠርዝ ያዘ። በሳጥኖቹ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። ደህና ናት። አልተነካችም። እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ለመጥረግም አላሰበ።

«ምነው ለፖሊስ ሳትነግሪ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«መች ቀረሁ? የሚያልፈውን ትራፊክ ነግሬው ነበር፤ ‹የጠፋችው አረንጓዴ የለበሰች ናት› አለኝ። ደግሞ እሳቸውም ‹ባሌን እየጠበቅኩ ነው› አሉኝ፤ ጤነኛ መስለውኝ ነበር።» የኪዮስኳ ሴትዮ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀን ላይ ግን የሆነ ነገር ሆነ። አንድ ሽማግሌ ፖስታ ይዞ በዚህ ሲወርድ ሲያዩት ብድግ አሉ። ‹ይኸው መጣ!› አሉ፤ ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዪ! እጃቸውን ዘርግተው ሄዱ። ሰውዬው ደግሞ አላየም እንዳይባል ቆሞ ነው ያያቸው። ከላይ እስከ ታች አየና አለፋቸው። ሲመለስ ደግሞ ጠሩት። አሁንም አየት አድርጎ አለፈ። እኔማ የሰው ባል የራሳቸው መስሏቸው ነው ብዬ…»

ንግግሯን አልጨረሰችም። የባለድልድዩን እጅ እያየች ነበር፤ ፖስታውን።

«በስመ አብ» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ባለድልድዩ ጎንበስ ብሎ በጠባቧ በር ገባና ሚስቱ ፊት ተንበረከከ። እንዲህ ቀርቧት አያውቅም ማለት ይቻላል። ቀና ብላ አየችው፤ ብስኩቷን ከእሱ ራቅ አደረገች።

«እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «መጥቻለሁ። ስፈልግሽ ነው የዋልኩት።»

«ባለቤቴን ነው የምጠብቀው» አለች፤ በጣም በጨዋነት። «ቅድም አንድ ሰው በዚህ አልፎ ነበር፤ እሱን መስሎኝ። ግን እሱ አይደለም። እሱ ቢሆን ያውቀኝ ነበር።»

«እኔ እኮ ነኝ! ባልሽ ነኝ!»

ረጋ ብላ ፊቱን መረመረችው፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ጺሙን። በዚህ ሁሉ ዓመት እሱ እሷን እንዲህ አይቷት አያውቅም። ከዚያ በእርግጠኝነት ራሷን ነቀነቀች።

«አይ» አለች፤ «እርስዎማ ያ ያለፉት ሰውዬ ነዎት።»

የልብስ ሰፊዋን ክንድ ይዛ ወደ ቤት ገባች። ባለድልድዩ ከኋላ ነው የመጣው፤ ዞር ስትል ስለምትደነግጥ ርቀቱን ጠብቆ። ሌሊቱን የመጣችው ልጃቸው ሐኪሙን አማከረች። ሐኪሙ በሽታው ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ራስዎን አይውቀሱ አለው። ሐኪሙ እውነቱን ይሆናል። ባለድልድዩ ግን የራሱን ያውቃል፤ ሚስቱ ያን ዕለት ሁለት ጊዜ አውቃዋለች።

አሁን ጠዋት ጠዋት የሚያለብሳት እሱ ነው። ሻይ ሲያቀርብላት «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች፤ ሲያጎርሳት ታፍራለች፤ ማታ ክፍሉ ውስጥ እንዳይቆይባት በትሕትና ትለምነዋለች። መጀመሪያ ሰሞን «እኔ ነኝ እኮ» ይላት ነበር፤ እየፈራችው ስትመጣ ጊዜ ተወው። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ይቀመጥና ፊቷን ያያል። እሷ ከትከሻው በላይ ወደ በሩ ታያለች።

«የኔ ሰውዬ ዛሬም አልመጣም?» ትለዋለች።

«መንገድ ላይ ነው» ይላታል። «ይመጣል።»